ከስትሮክ በኋላ የሚታዘዙ የደም መርጋት ምርመራዎች፦ የትኛው ውጤት ይታመናል፣ የትኛውስ ይደገማል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። የ34 ዓመት እኅትዎ ከሰባት ሳምንት በፊት በድንገት ግራ ጎኗ ዝሎ፣ አንደበቷ ተሳስሮ ሆስፒታል ገባች። ሲቲ ስካኑ ደም አለመፍሰሱን፣ የቀኝ አንጎሏ አንድ ክፍል ግን ደም አጥቶ መጎዳቱን አሳየ። በአራተኛው ቀን፣ ክሌክሳን የተባለ የደም ማቅጠኛ መርፌ እየተወጋች ሳለ፣ የደም መርጋት ምርመራ ተብሎ ናሙና ተወሰደና ወደ ውጭ አገር ተላከ። የመጣው ወረቀት ፕሮቲን ኤስ 38 በመቶ፣ አንቲትሮምቢን 72 በመቶ፣ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት “ፖዘቲቭ”፣ አንቲካርዲዮሊፒን አይጂኤም 22፣ አይጂጂ ኔጌቲቭ፣ ፋክተር ፋይቭ ላይደን “የለም”፣ ኤምቲኤችኤፍአር “አንድ ቅጂ ለውጥ አለ”፣ ሆሞሲስቲን 19 ይላል። አሁን አስፒሪንና አቶርቫስታቲን ትወስዳለች፤ አንድ ሐኪም ደግሞ ሪቫሮክሳባን የተባለ የደም ማቅጠኛ እንክብል እንድትጀምር መክረዋል። ከስትሮኩ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል፤ አንደኛው በአምስተኛው ወር ነው። እርስዎ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ በዘር የሚተላለፍ የደም መርጋት በሽታ አለባት ወይ? እናታችንና እኛ ወንድሞቿ እንመርመር ወይ? ሪቫሮክሳባኑን ትጀምር ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። በዚህ ወረቀት ተመርኩዞ የዘር በሽታ አለባት ማለት አይቻልም። እናንተም አሁን የምትመረመሩበት ምክንያት የለም። ሪቫሮክሳባኑ ግን ለጊዜው መጀመር የለበትም፤ ምክንያቱም ከወረቀቱ ላይ አንድ ነገር፣ ከታሪኳም አንድ ነገር ተገጣጥመው የሚያሳስብ ምልክት ሰጥተዋል፦ የሉፐስ አንቲኮአጉላንቱ ውጤትና በአምስተኛው ወር የሞተው ፅንስ። እነዚህ ሁለቱ እስኪጣሩ ድረስ የሚመረጠው መድኃኒት ሪቫሮክሳባን አይደለም። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

በመጀመሪያ የረጋው ደም የቱ ጋ እንደነበረ እንለይ። የእኅትዎ ስትሮክ በደም ወሳጅ ቧንቧ ላይ የደረሰ ነው። በደም ወሳጅ ውስጥ የሚረጋው ደም በአብዛኛው የሚነሣው ከቧንቧው ግድግዳ መጎዳት፣ ከፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች) መጣበቅ፣ ወይም ከልብ ተፈንጥሮ ከሚመጣ የረጋ ደም ነው። ፕሮቲን ሲ፣ ፕሮቲን ኤስ፣ አንቲትሮምቢን፣ ፋክተር ፋይቭ ላይደንና የፕሮትሮምቢን ጂን ለውጥ ግን ሥራቸው በደም መላሽ ቧንቧ ላይ ነው። የእነሱ መጓደል የሚታወቀው እግር ላይ በሚረጋ ደም፣ ሳንባ ላይ በሚሰካ ጓል ነው። አዋቂ ሰው ላይ የደም ወሳጅ ስትሮክ የሚያስከትሉ ለመሆናቸው ማስረጃው ደካማ ነው፤ ቢገኙም ሕክምናውን የሚቀይሩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ነገር የሚለወጥባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ስትሮኩ የአንጎል ደም መላሽ ቧንቧ መዘጋት ሲሆን ነው። ይህ ከጠቅላላው ስትሮክ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ቢሆንም ወጣት ሴቶችን፣ በተለይ አራሶችንና ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱትን ይመርጣል። ለቀናት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የእይታ መደብዘዝ ይዞ ይመጣል፤ ተራ ሲቲ ስካን ሊያመልጠው ስለሚችል የደም መላሽ ቧንቧዎቹን የሚያሳይ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የዘር ምርመራዎቹ ትርጉም አላቸው። ሁለተኛው የልብ የላይኛው ክፍሎች መካከል ከፅንስነት ጀምሮ ሳይዘጋ የቀረ ቀዳዳ ሲኖር ነው። እግር ላይ የረጋ ደም በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ አንጎል ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የደም መላሽ በሽታው የደም ወሳጅ ስትሮክ ይሆናል። የእኅትዎ የልብ አልትራሳውንድ በአረፋ ምርመራ፣ ማለትም ከአየር ጋር የተናጠ ጨዋማ ውኃ በደም ሥር ተሰጥቶ፣ ካልተሠራ እንዲሠራላት ይጠይቁ።

ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የደም ወሳጅም የደም መላሽም መርጋት የሚያስከትል፣ ሕክምናውንም በእርግጥ የሚቀይር አንድ በሽታ አለ፤ እሱም አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ነው። በ1983 ለንደን ውስጥ ግራሃም ሂውዝ የገለጹት ይህ በሽታ በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ሰውነት በራሱ ላይ የሚያመነጨው ፀረ አካል ነው። የሚፈለገው በሦስት ምርመራ ነው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒንና አንቲቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1። የእኅትዎ ወረቀት ላይ ሦስተኛው የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ብዙ ገንዘብ ለጂን ምርመራ ወጥቶ ዋናው ነገር ቀርቷል።

አሁን ወረቀቱን በየመስመሩ እንየው።

ፕሮቲን ኤስ 38 በመቶ። በአራተኛው ቀን የተወሰደ መሆኑ ብቻ ውጤቱን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ሰውነት ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ሲ 4 ቢ አሳሪ ፕሮቲን የሚባለው ይጨምርና ነጻ የነበረውን ፕሮቲን ኤስ ያስረዋል፤ በዚህም ነጻው ይቀንሳል። እርግዝና፣ አራስነት፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል፣ የጉበት ሕመም፣ ኤችአይቪና ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛም ያወርዱታል። ጤነኛ ሴቶች ላይም ከወንዶች ዝቅ ይላል። መደገም ካስፈለገው ከሕመሙ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ እርግዝናም እንክብልም ዋርፋሪንም በሌለበት፣ “ነጻ ፕሮቲን ኤስ” በሚለው ምርመራ ይደገም። ዋርፋሪን ይወስድ የነበረ ሰው ካቆመ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ለፕሮቲን ኤስ ደግሞ አራት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ለምርመራ ሲባል ብቻ ግን ዋርፋሪን አይቋረጥም።

አንቲትሮምቢን 72 በመቶ። ሄፓሪንና ክሌክሳን አንቲትሮምቢንን ተጠቅመው ነው የሚሠሩት፤ በሕክምናው ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ መጠነኛ ዝቅታ ያሳያል። በሽንቱ ብዙ ፕሮቲን የሚፈስ የኩላሊት ሕመምተኛም በሽንቱ ያጣዋል። በዚህ ቁጥር ላይ የምለው ይኸው ነው፤ ለደም ወሳጅ ስትሮክ ብሎ መድገምም አያስፈልግም።

ፋክተር ፋይቭ ላይደን። የዘረመል ምርመራ ስለሆነ መድኃኒትም ሆነ ቀኑ አይለውጠውም፤ “የለም” ማለት የለም ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያውም መታዘዙ ጥያቄ ነበር። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ከመቶ አምስት ያህሉ የሚሸከሙት ለውጥ ነው፤ ከሰሃራ በታች በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን እጅግ ብርቅ ነው። የፕሮትሮምቢን ጂን ለውጥም እንዲሁ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ላቦራቶሪዎች ምርመራውን በጥቅል የሚሸጡት ለራሳቸው ሕዝብ አስበው ነው፤ ያንኑ ጥቅል አዲስ አበባ ላይ መግዛት ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው።

ኤምቲኤችኤፍአር። ይህን እርሱት። በዓለም ላይ በጣም የተለመደ የጂን ልዩነት ነው፤ በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ዘረመል ኮሌጅ በ2013 ለደም መርጋት ብሎ ማዘዝ እንዲቀር መክሯል። በዚህ መስመር የተነሣ ማንም ሰው “የዘር በሽታ አለብሽ” ሊላት አይገባም፤ ይህ አባባል ቤተሰብ ውስጥ ስንት ጭንቀት እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ምርመራ ከዝርዝሩ ላይ ይሰርዘዋል።

ሆሞሲስቲን 19። መደበኛው ከ15 ማይክሮሞል በሊትር በታች ነው፤ 19 መጠነኛ ጭማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የናሙናው ነው፦ ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ሆነውም ሆሞሲስቲን ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ቱቦው ወዲያው በረዶ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ካልተለየ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። እውነት ከሆነም የመጀመሪያው ሥራ ቢ 12ና ፎሌት መለካት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰው ቢ 12 ሊጎድለው ይችላል። ጉድለቱ ይታከማል። ነገር ግን በ2004 የታተመው ቪስፕ የተባለው ጥናት ሆሞሲስቲንን በቫይታሚን ማውረድ ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ዳግም ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ሆሞሲስቲኑሪያ የተባለ ብርቅ የዘር በሽታ ነው።

አንቲካርዲዮሊፒን አይጂኤም 22። አይጂኤምና አይጂጂ ሁለት የፀረ አካል ዓይነቶች ናቸው፤ 22 ዝቅተኛ ነው። ትርጉም እንዲሰጠው ከ40 ዩኒት በላይ መሆንና ከ12 ሳምንት በኋላም መገኘት ይኖርበታል። ዝቅ ያለ አይጂኤም ብቻውን ከኢንፌክሽን በኋላ ይመጣና ይጠፋል፤ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ሲና ሌሎችም ኢንፌክሽኖች ያስነሡታል። የበለጠ የሚታመነው አይጂጂው ነው፤ እሱ ኔጌቲቭ መሆኑ መልካም ዜና ነው።

ሉፐስ አንቲኮአጉላንት “ፖዘቲቭ”። ዋናው ጉዳይ እዚህ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ አብዛኞቹ ባለቤቶቹ ሉፐስ የለባቸውም፣ ደምንም አያቀጥንም። ፀረ አካሉ ቱቦ ውስጥ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፎስፎሊፒድ የተባለ ቅባት ስለሚሻማ ፕላዝማው ዘግይቶ ይረጋል፤ ሰውነት ውስጥ ግን ያረጋል። ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፎስፎሊፒዱ አነስ ባለ መፈተሻ የመርጊያ ጊዜው ይለካል። ቢረዝም፣ የሕመምተኛዋ ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቃል፤ ችግሩ የፋክተር (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) እጥረት ከሆነ ጊዜው ይስተካከላል፣ የሚከለክል ፀረ አካል ካለ ግን እንደረዘመ ይቀራል። በመጨረሻ ፎስፎሊፒድ በብዛት ይጨመራል፤ ጊዜው ካጠረ ፀረ አካሉ በእርግጥ ፎስፎሊፒድን የሚሻማ ነው ማለት ነው። ይህ በሁለት ዓይነት መንገድ መሠራት አለበት፦ በራስል እፉኝት መርዝ በሚሠራው ዲአርቪቪቲ እና ለዚሁ በተመረጠ ኤፒቲቲ የተባለ የመርጊያ ጊዜ መለኪያ። ከሁለቱ አንዱ ፖዘቲቭ ቢሆን ይበቃል። ስለዚህ “ፖዘቲቭ” የሚል አንድ ቃል በቂ ውጤት አይደለም። ከላቦራቶሪው በየትኛው መንገድ እንደተሠራ፣ የሦስቱ ደረጃዎች ቁጥርና ሬሾ፣ መለያ ወሰኑም ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

ይህን የምለው የእኅትዎ ናሙና ሲወሰድ ሁለት አሳሳች ነገሮች ስለነበሩ ነው። አንዱ ክሌክሳኑ ነው። የዲአርቪቪቲ መፈተሻዎች በአብዛኛው ሄፓሪንን የሚያመክን ንጥረ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ ግን እስከ 0.8 ወይም 1 ዩኒት በሚሊ ሊትር ድረስ ብቻ። መርፌው ከተወጋች ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ከተቀዳ የክሌክሳኑ መጠን ጣሪያው ላይ ነው፤ መቀዳት የነበረበት ከመጨረሻው መርፌ ቢያንስ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ሌላው ሲአርፒ የተባለው የብግነት ፕሮቲን ነው፤ በሕመሙ ሰሞን ከፍ ሲል በኤፒቲቲው መንገድ የሚሠራውን የውሸት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል ፋክተር 8 በዚያው ሰሞን ስለሚጨምር ኤፒቲቲን አሳጥሮ እውነተኛውን ፀረ አካል ሊደብቅ ይችላል። በሁለቱም አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል፤ ለዚህ ነው ውጤቱን የማልቀበለውም የማልጥለውም።

የማልጥለው ደግሞ በአምስተኛው ወር በሞተው ፅንስ ምክንያት ነው። ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ፣ መልኩ ጤነኛ የሆነ ፅንስ ያለ ሌላ ምክንያት መሞቱ በ2006 የታተመው የሲድኒ መስፈርት ላይ ከተቀመጡት የአንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ምልክቶች አንዱ ነው። ሌላኛው ፅንስ በስንተኛው ሳምንት እንደወረደ፣ በእርግዝናዎቹ ጊዜ የደም ግፊት መጨመር እንደነበረ ይጠይቋት። ሌሎች ፍንጮችም አሉ፦ የፕሌትሌት ቁጥር ከ150,000 በታች ሆኖ መቆየት፣ ማንኛውም ደም ማቅጠኛ ሳይጀመር የረዘመ ኤፒቲቲ፣ ቆዳ ላይ እንደ መረብ የሚታይ ወይን ጠጅ ቀለም፣ በልብ ቫልቭ ላይ ያለ ውፍረት። አንድ ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ አለ፤ እርጉዝ ሴት ክትትል ስትጀምር የቂጥኝ ምርመራ ይደረግላታል። አርፒአር ወይም ቪዲአርኤሉ ፖዘቲቭ፣ ማረጋገጫው ቲፒኤችኤ ግን ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ይህ የውሸት ፖዘቲቭ የፎስፎሊፒድ ፀረ አካል ምልክት ሊሆን ይችላል። የቀድሞ የእርግዝና ካርዷ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱ።

ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ሦስቱንም ምርመራ በአንድ ቀን፣ ከመጀመሪያው ናሙና 12 ሳምንት ካለፈ በኋላ መድገም ነው። ስትሮኩ ከሆነ ሰባት ሳምንት ስለሆነው፣ ናሙናውም ከዚያ በቀናት የዘገየ ስለሆነ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። አንቲቤታ 2ውን ግን ዛሬም ማሠራት ይቻላል። እሱና አንቲካርዲዮሊፒን ፀረ አካሉን በቀጥታ የሚቆጥሩ ስለሆኑ በሴረም ይሠራሉ፣ ሄፓሪንም ዋርፋሪንም ሪቫሮክሳባንም አያበላሻቸውም፣ የናሙና አያያዝ ስሕተትንም ይችላሉ። ገንዘብ የሚያጥረው ቤተሰብ ከእነዚህ ሁለቱ ይጀምር።

ሉፐስ አንቲኮአጉላንቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ከክንድ እስከ ማቀዝቀዣ ባለው መንገድ ላይ ነው። የሚቀዱትና የሚልኩት ባለሙያዎች እንዲያዩት በዝርዝር ላስቀምጠው።

ቱቦው ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት የያዘ መሆን አለበት። ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው፤ ቱቦው እስከ ምልክቱ ካልሞላ ሲትሬቱ ይበዛና የመርጊያ ጊዜው ያለ በሽታ ይረዝማል። ክንዱ የሚታሰርበት ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በቢራቢሮ መርፌ የሚቀዳ ከሆነ የመርፌው ቀጭን ጎማ ውስጥ ያለው አየር የመጀመሪያውን ቱቦ እንዳያጎድለው፣ መጀመሪያ ሌላ ቱቦ ተሞልቶ ይጣል። ሄፓሪን በታጠበ ካኑላ አይቀዳም። ቱቦው ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል፤ አይናጥም። ሰማያዊው ቱቦ ቢጎድል ከሐምራዊው ክዳን ቱቦ ገልብጦ መሙላት ፈጽሞ አይደረግም፤ የሐምራዊው ኢዲቲኤ ካልሲየሙን አስሮ ውጤቱን ሁሉ ያዛባል፣ ላቦራቶሪውም ስሕተቱን ላያውቀው ይችላል። ሄማቶክሪቱ (የቀይ ሴሎች ድርሻ በደም ውስጥ) ከ55 በመቶ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ የፕላዝማው ድርሻ ስለሚያንስ ሲትሬቱ መቀነስ አለበት።

ከተቀዳ በኋላ በረዶ ላይ አይቀመጥም፤ በክፍል ሙቀት ሆኖ በአራት ሰዓት ውስጥ ይሠራ ወይም ተለይቶ ይቀዝቅዝ። ሴንትሪፊውጁ በ1,500 ጂ ለ15 ደቂቃ ይሽከረከራል። ፕላዝማው በፕላስቲክ ፒፔት ይቀዳል፤ ከነጭ ሴሎቹ ንጣፍ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ከዚያም ይኸው ፕላዝማ በሌላ ቱቦ ሁለተኛ ጊዜ ይሽከረከራል። ይህ ሁለተኛው ዙር ነው በብዛት የሚዘለለው። ዓላማው በማይክሮ ሊትር ከ10,000 በታች ፕሌትሌት እንዲቀር ነው። የቀረው ፕሌትሌት ሲቀዘቅዝ ይፈነዳና ፎስፎሊፒዱን ይለቃል፤ ያ ፎስፎሊፒድ ፀረ አካሉን አጥግቦ እውነተኛውን በሽታ “ኔጌቲቭ” ያደርገዋል። ወደ ውጭ አገር በሚላክ ናሙና ላይ ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ኔጌቲቭ ውጤት ማንም አይጠራጠርም።

ፕላዝማው ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሊትር እየሆነ በየብልቃጡ ተከፍሎ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለአጭር ጊዜ፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ይሆናል፤ በራሱ በረዶ የሚያቀልጠው የቤት ፍሪጅ ግን አይሆንም። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና የበረደ ናሙና ተመልሶ አይላክም፤ አዲስ ይቀዳ። ጉዞው በደረቅ በረዶ ነው። የሚሠራበት ቀን በ37 ዲግሪ የውኃ ገንዳ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀልጦ ወዲያው ይሠራል። ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይ የምትወስደው መድኃኒት፣ የመጨረሻው መጠን የተወሰደበት ሰዓት፣ የተቀዳበት ሰዓትና የዕለቱ ኤፒቲቲና አይኤንአር (የዋርፋሪን ኃይል የሚለካበት ቁጥር) ይጻፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሕመምተኞችን የሚያሳስት አንድ ነገር ልጨምር። “ፒቲና ኤፒቲቲ ኖርማል ነው፣ ስለዚህ የመርጋት ችግር የለባትም” ይባላል። እነዚህ ምርመራዎች የሚለኩት የመድማት ዝንባሌን ነው፤ ኖርማል መሆናቸው የመርጋት ዝንባሌን አያስወግድም። ሕመምተኛ ስትሮክ ይዞት ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የሚታዘዙት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነው። አይኤንአር ከ1.7፣ ኤፒቲቲ ከ40 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም ፕሌትሌት ከ100,000 ካነሰ አይሰጥም። የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣውን ቅሪት የሚለካው ዲዳይመርም እንዲሁ፤ ከስትሮክ በኋላ መጨመሩ ብቻውን የመርጋት በሽታን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ሪቫሮክሳባኑ። ፀረ አካሏ ገና ሳይረጋገጥ መጀመር የሌለባት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሕክምና ነው። ትራፕስ የተባለውና በ2018 የታተመው ጥናት ሦስቱም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸውን 120 ሰዎች በሪቫሮክሳባንና በዋርፋሪን አነጻጽሮ፣ በሪቫሮክሳባኑ ወገን ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ጥቃት (የልብ ደም ወሳጅ መዘጋት) ስለበዛ ያለ ጊዜው ቆመ። የተከሰቱት መርጋቶች ሁሉም በደም ወሳጅ ላይ ነበሩ፤ በዋርፋሪኑ ወገን አንድም አልታየም። ሁለተኛው የምርመራ ነው። ሪቫሮክሳባን ዲአርቪቪቲውን የውሸት ፖዘቲቭ ያደርጋል፣ በመርጋት ጊዜ የሚለኩትን ፕሮቲን ሲና ኤስ ደግሞ በውሸት ከፍ ያደርጋል። ዛሬ ብትጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ውጤት ማንም ሊያነበው አይችልም። እስከዚያ ድረስ አስፒሪኗን ሳታቋርጥ ትውሰድ።

ሲደገም ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ይህ ምዕራፍ ይዘጋል፤ አስፒሪኗ ይቀጥላል። አንድ ፀረ አካል ብቻ በዝቅተኛ መጠን ከቀረና መስፈርቱን ካላሟላ፣ አሁንም አስፒሪን በቂ ነው፤ በ2004 የታተመው አፓስ ጥናት ዋርፋሪን ከአስፒሪን የተሻለ አለመሆኑን አሳይቷል። ሉፐስ አንቲኮአጉላንቱ ከተረጋገጠ፣ ወይም ሁለቱ አሊያም ሦስቱ በከፍተኛ መጠን ከቆዩ፣ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ነው፤ ሕክምናው ዋርፋሪን፣ ዒላማው አይኤንአር ከ2 እስከ 3፣ ጊዜው ያልተወሰነ ነው። አይኤንአሩ በጣት ጠብታ በሚሠራ መሣሪያ ሳይሆን ከክንድ በሚቀዳ ደም ይለካ፤ ፀረ አካሉ አንዳንዶቹን መሣሪያዎች ያሳስታል። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይነካል፤ መብላት አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ጾም ሲገባና ሲፈታ የጎመኑ ብዛት ስለሚቀየር በእነዚያ ሰሞናት አይኤንአር መለካት ጥሩ ነው። ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ኃይል ክፉኛ ያወርዳል፤ ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ይጨምራሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዋና ዋናዎቹ መንሥኤዎች ከተፈተሹ በኋላ መሆኑን ግን አደራ እላለሁ። በእኛ አገር ወጣት ሰው ስትሮክ ሲይዘው የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሆን ያለበት ልብ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የተነሣ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ በተለይ የማይትራል ቫልቭ ጥበት ከልብ ምት መዛባት ጋር፣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካል። በእስቴቶስኮፕ፣ በኢሲጂና በልብ አልትራሳውንድ ይያዛል፤ ከእኅትዎ የጂን ምርመራ ባነሰ ዋጋ። ለእሱም መድኃኒቱ ዋርፋሪን ነው፤ በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናት ሪቫሮክሳባን በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ከዋርፋሪን እንደሚያንስ አሳይቷል። የአንገት ደም ቧንቧ ግድግዳ መሰንጠቅ፣ የሁለቱ ክንዶች የደም ግፊት መለያየት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የደም ግፊትና ስኳር መታየት አለባቸው። ሙሉ የደም ቆጠራም በደንብ ይነበብ፤ የሴት ሄሞግሎቢን ከ16፣ የወንድ ከ16.5 ካለፈ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ብሎ ከማለፍ ደግሞ መለካትና የደም ሴሎችን የሚያበዛውን፣ ጃክ 2 የተባለውን የጂን ለውጥ ማሰብ ይገባል።

የቤተሰቡን ነገር ላንሣ። አንቲፎስፎሊፒድ ፀረ አካል ቢረጋገጥባት እንኳ ስትሮክም መርጋትም የሌለበት ወንድም አይመረመርም። ፕሮቲን ኤሷ በተገቢው ጊዜ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ዝቅ ካለ፣ ያኔ እናንተ ሳትሆኑ እኅቶቻችሁ፣ እርግዝና ወይም እንክብል ከማሰባቸው በፊት፣ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

እኅትዎ ውጤቱ እስኪታወቅ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል አትውሰድ፤ የሦስት ወሩን መርፌም ብትተወው ይሻላል። ሉፕ ከሁሉም ይመረጥላታል። ዋርፋሪን ከጀመረች በኋላ ልጅ ከፈለገች አስቀድማ ትናገር። ዋርፋሪን ፅንሱን በብዛት የሚጎዳው ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የወር አበባዋ በቀረ በቀናት ውስጥ የእርግዝና ምርመራ አድርጋ ፖዘቲቭ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ፤ ዋርፋሪኑ ወደ ክሌክሳንና ዝቅተኛ መጠን አስፒሪን ይለወጥላታል።